ሳይቆጣ የሚያስተምር የተረት መጽሐፍ ጠቁሙኝ

የቱሉ ዲምቱዋ እናት · ሐምሌ 2፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ቸግሮኝ ነው።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ አንደኛ ክፍልን ጨረሰች። ፊደሏን ለይታለች፣ ቀስ እያለች ታነባለች። አሁን ክረምቱ ገባ፣ ትምህርት ተዘጋ፣ ውጭው ጭቃ ሆነ። ቱሉ ዲምቱ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ዝናብ ከጣለ ልጅ ከብሎክ አይወጣም። ቤት ውስጥ ያለን መዝናኛ ሁለት ነው፤ ቴሌቪዥኑና ስልኬ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ስልኬ ብቻ።

ባለፈው ሳምንት ከተማ ወርጄ አራት የተረት መጽሐፍ ገዛሁላት። ሁለቱን አነበበች። ሦስተኛውን ግማሽ ላይ ከደነችውና «እማዬ፣ ይሄም መጨረሻው ላይ ሊቆጣኝ ነው» አለችኝ።

ምን ማለቷ ነው ብዬ ገልጬ አየሁ። እውነቷን ነው። እያንዳንዱ ተረት ሲያልቅ «ልጆች፣ ከዚህ ተረት የምንማረው» ብሎ የሚጀምር አንቀጽ አለ። አትዋሹ፣ አትስነፉ፣ ወላጅ አክብሩ። አንዱ ላይማ ጥንቸሏ ምንም ያጠፋችው ነገር የለም። ምክሩ ግን አልቀረላትም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ልጅን የሚያስቅ፣ ውስጡ ቁም ነገር ያለው፣ ግን የማይቆጣ መጽሐፍ ታውቃላችሁ? በአማርኛ።


ባለ ሚኒባሱ · ሐምሌ 2፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ መጽሐፍ እንኳ ብዙም አላውቅም። ከኮዬ መገናኛ ስመላለስ ነው የምውለው። ግን ለስድስት ዓመቱ ልጄ ማታ ማታ ተረት አወራለታለሁ። አሁን የያዘው የአህያው፣ የፍየሏና የውሻው ነው። ታውቂው ይሆናል፤ ለማያውቅ ልንገር።

ሦስቱ አብረው መኪና ተሳፈሩ። አህያ ሂሳቡን ከፍሎ ወረደ። ፍየል ሳትከፍል ዘላ ጠፋች። ውሻ ድፍን ብር ሰጥቶ መልሱን ሳይቀበል መኪናው ነድቶበት ሄደ። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ አህያ አስፋልት መሃል ቆሞ ጥሩምባ ብትነፋበት የማይነቃነቀው። ዕዳ የለበትማ! ፍየል መኪና ስታይ ትሮጣለች። ውሻ ደግሞ «መልሴን! መልሴን!» እያለ ጎማ ይከተላል።

ማሙሽ መጀመሪያ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ኮስተር አለና «አባዬ፣ መልሱን ያልሰጠው ያንተ ረዳት ነው እንዴ?» አለኝ። ረዳቴ ይሄን ከነገርኩት ወዲህ መልስ ሲያጓድል ተሳፋሪ ፊት «ውሻው!» እለዋለሁ። ወዲያው ይመልሳል።

እዚህ ውስጥ ምክር አለ? እኔ አልመከርኩም። ልጁ ግን ሰው መልሱን መቀበል እንዳለበት ገብቶታል።


ጡረተኛው መምህር · ሐምሌ 3፣ ከጠዋቱ 1፡10

ልጄ፣ እንደምን አደርሽ።

እኔ አቃቂ ነው የምኖረው። ሠላሳ አራት ዓመት የታችኛውን ክፍል አስተምሬያለሁ። ምክርን እንዲህ ባታጣጥሉት ደስ ይለኛል። የአገራችን ተረት ከነምክሩ ነው የኖረው። አባባ ተስፋዬን አስታውሱ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት አወሩ። ይመክሩም ነበር። ተቆጡኝ ያለ ልጅ አላጋጠመኝም።

ከበደ ሚካኤልም «ታሪክና ምሳሌ» ላይ እንዲሁ ነው ያደረጉት። ተረቱን በግጥም ይነግሩሃል፣ ከዚያ ምሳሌውን ይፈቱልሃል። የአዝማሪውንና የውሃ ሙላቱን ግጥም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ ያጣው አዝማሪ ዳር ቁጭ ብሎ ውሃውን ያወድሰዋል፤ ጎደል ይልልኝ ብሎ። እኔ በልጅነቴ ሲነበብልን የሳቅኩት ሳቅ! ወንዝን በመሰንቆ ሲለማመጥ እኮ ነው። ቁም ነገሩ የገባኝ ግን ጎልማሳ ሆኜ፣ አንድ የማይሰማኝን ሰው ስለማመጥ ከከረምኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ምክሩን አትቁረጡት፤ ይደርሳል።


የቱሉ ዲምቱዋ እናት · ሐምሌ 3፣ ከጠዋቱ 3፡00

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔም አባባ ተስፋዬን እያየሁ ነው ያደግኩት። ግን እኮ እሳቸው መጀመሪያ ድምፃቸውን እየቀያየሩ አንጀታችንን ያርሱት ነበር። ከዚያ ደግሞ ስቱዲዮ የመጡትን ልጆች «እስኪ አንተ ደግሞ ንገረን» ይሏቸዋል። አንዱ ልጅ ተረቱን መሃል ላይ ሲረሳው ትዝ ይለኛል። ያን ልጅ እስካሁን አልረሳሁትም፣ እኔን እኔን ይመስለኝ ነበር።

ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎም ራስዎ መሰከሩ። ያኔ ያሳቀዎት አዝማሪው ነው። ምክሩ የደረሰዎት ከስንት ዓመት በኋላ ነው።


ጡረተኛው መምህር · ሐምሌ 3፣ ከጠዋቱ 3፡25

ያዝሽኝ።


መጽሐፍ አዟሪ · ሐምሌ 3፣ ከቀኑ 6፡40

እዚህ ነገር ላይ የኔም ጥፋት አለበት። ከብሔራዊ ቴአትር እስከ አምባሳደር መጽሐፍ በክንዴ ደርድሬ አዞራለሁ። ስምንት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ አንድም ልጅ ገዝቶኝ አያውቅም። የሚገዛው ወላጅ ነው። ወላጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምክር አለው?» ብሎ ነው። እኔም «ሞልቶታል!» እላለሁ። ምን ልበል? አሳታሚውም ይሄን ያውቃል። ያ የመጨረሻው አንቀጽ የተጻፈው ለልጁ አይደለም፤ ለናንተ ነው። ልጁ ያንን ሲያነብ የሰው ደብዳቤ እንዳነበበ ነው።

ለማንኛውም ቆማችሁ መጽሐፍ ስትመርጡ እንዲህ አድርጉ። ሽፋኑን ተዉት፤ ሽፋን ሁሉ ያምራል። መሃሉን ግለጡና አንድ ገጽ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። አትፈሩ፣ መንገድ ላይ ማንም አያያችሁም። ምላሳችሁ ከተደናቀፈ የልጁም ይደናቀፋል። «ኦ ውድ ጓደኛዬ ሆይ» የሚል ጅብ ካገኛችሁ መልሱልኝ። የኛ ጅብ እንዲህ አይናገርም። እሱን የተረጎሙት ከሆነ ቦታ ነው።

ሥዕሉንም እዩ። ከኢንተርኔት የተለቀመ ይበዛል። ጽሑፉ ጅብ ይላል፣ ሥዕሉ ተኩላ ነው። ገበሬው ጤፍ ያጭዳል፣ ከኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ። ልጅ ይሄን ወዲያው ነው የሚያየው። ፊደሉ ደቃቅ የሆነውን ለሰባት ዓመት ልጅ አትግዙ፤ ጣቷን እያስኬደች የምታነብ ልጅ መስመሩ ይጠፋታል።

ከቻላችሁ ደግሞ ልጁን ይዛችሁት ኑ። እናንተ ዝም በሉ፣ እሱ ይምረጥ።


የሰሚቱ አባት · ሐምሌ 3፣ ከቀኑ 8፡15

ለምን በአማርኛው ትደክማላችሁ? እንግሊዝኛው ወረቀቱም ሥዕሉም ሌላ ነው። ልጆቹም ትምህርት ቤት የሚፈተኑት በሱ ነው። እኔ ከውጭ የሚመጡ ሰዎችን እያስላክሁ ነው የማነብላቸው።


የላይብረሪዋ · ሐምሌ 3፣ ከምሽቱ 2፡30

ወንድሜ፣ ሥዕሉን አልክድህም። ግን ስታነብላቸው የት የት ላይ እንደሚስቁ አስተውለህ ታውቃለህ? እኔ ጋ የሚመጡት ልጆች እንግሊዝኛውን ሲያነቡ የሚስቁት ሥዕሉ ላይ ነው። አማርኛውን ሲያነቡ የሚስቁት ቃሉ ላይ ነው። ሁለቱንም አንብብላቸው፣ ማን ከለከለህ።

እኔ የካ አባዶ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው። ቤተ መጻሕፍት ማለት አንድ ክፍልና ሁለት መደርደሪያ ነው፣ እንዳትገምቱብኝ። ግን አንድ ነገር ተምሬበታለሁ። ልጅ የወደደውን መጽሐፍ ለማወቅ ልጁን መጠየቅ አያስፈልግም። ብትጠይቁት መምህር የሚወደውን መልስ ነው የሚሰጣችሁ። የመጽሐፉን ጀርባ እዩ። ተልጦ፣ በፕላስተር ተለጥፎ፣ ጠርዙ ቆሽሾ ከሆነ ተወዷል። የኛ የምክር መጽሐፎች ከተገዙ ጀምሮ አዲስ ናቸው። በዕርዳታ ሲመጡ እንደነበሩ፣ ያብረቀርቃሉ።

የተላጡት የትኞቹ ናቸው? አንደኛ የጦጢትና የአያ ጅቦ ተረቶች፣ የማንም አሳታሚ ይሁን። ትንሿ ትልቁን ስታታልለው ልጅ ይመቸዋል፤ ቤቱ ውስጥ ትንሹ እሱ ነዋ። ሁለተኛ የእንቆቅልሽ መጽሐፍ። እሱን ሁለት ሆነው ነው የሚዋሱት። ሦስተኛ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ከሚለው የቴሌቪዥን ዝግጅት የወጡት። ያቺ የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ! እሷን ስለሚያውቋት ገና ሳያነቡ ያቅፉታል። እሷም ታስተምራለች፣ እጅ መታጠቡን፣ ሌላውንም፤ ግን ራሷ ተሳስታ፣ ራሷ ጠይቃ ነው። ከላይ ቆማ አትናገርም።

የአለቃ ገብረሃናን ቀልድ ለልጅ ስትገዙ ግን ቀድማችሁ አንብቡት። ግማሹ ለአዋቂ ነው። እኔ አንዱን ሳላየው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ የአራተኛ ክፍል ልጅ መጥቶ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ሲለኝ የገባሁበት እኔ ነኝ የማውቀው። «ሲያድጉ የሚገባ ነው» ብዬ አመለጥኩ። የድሮ ዕትምም ተጠንቀቁ፤ በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ ያለበት። ለጀማሪ ልጅ ይከብዳል። ነጥቡን ፊደል መስሎት የሚያነብ ልጅ ነበረኝ።

ብር ለማውጣት የማይመቸው ሰው ደግሞ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለውን ድረ ገጽ ይይ። መነሻው ደቡብ አፍሪካ ነው። አጫጭር የልጆች ታሪኮች በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች አሉት፣ አማርኛም አለ። ማውረድም ማተምም በነፃ ነው፣ ፈቃዱ ክፍት ነው። በደረጃ ተከፋፍሏል፤ በየገጹ ጥቂት ቃል ካለው ጀምሮ እስከ ረጅሙ። ትርጉሙ አንዳንዱ ይደርቃል። መርጣችሁ አውጡ።

ከቤት መውጣት ለሚችል አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የልጆች ክፍል አለው። ከዳር ሰፈር በሁለት ታክሲ ያስኬዳል፣ አውቃለሁ። በወር አንድ ቀን ግን ለልጅ ሽርሽር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። መጽሐፍ ወደ ልጁ ሰፈር መሄድ አለበት የሚለው ሐሳብ እዚህ አገር አዲስ አይደለም። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አሜሪካ የልጆች ክፍል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠሩ አማርኛ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው አጡ። ራሳቸው ጽፈው አሳተሙ። በ1995 ዓ.ም. ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቀጥሎ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍን በአህያ ጋሪ እየጫኑ በየሰፈሩ ወሰዱ። ይሄን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዷ ምን አለች መሰላችሁ? «አህያዋም ታዳምጣለች?» እኔ አዎ አልኳት።


የገላን ልጅ · ሐምሌ 4፣ ከጠዋቱ 2፡00

እህቴ የላይብረሪዋ፣ እዚያው ድረ ገጽ ላይ በኦሮምኛም አለ። የኛ ሰፈር ልጆች ኳሱን በኦሮምኛ ነው የሚጫወቱት፣ ጠቡን በአማርኛ። አንዱን ታሪክ በሁለቱም አውጥቼ ለወንድሜና ለጎረቤታችን ልጅ ሰጠኋቸው። አሁን ይከራከራሉ፤ የትኛው ላይ ዝንጀሮው የበለጠ ያስቃል ብለው። ወንድሜ ለማሸነፍ ሲል የኦሮምኛውን ማንበብ ጀምሯል።


ስም የለኝም · ሐምሌ 4፣ ከምሽቱ 5፡50

ርዕስ ካስቀየርኩ ይቅርታ። ብዙ አስቤ ነው የምጽፈው።

እኔ የእንጀራ እናት ነኝ። ወደዚህ ቤት ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። የባለቤቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ያበሰልኩትን አይነካም፤ ወርዶ ከሱቅ ዳቦ ገዝቶ ይበላል። እንዲያነብ ብዬ ሁለት የተረት መጽሐፍ ገዛሁለት። ሁለቱም ውስጥ የእንጀራ እናት አለች። አንዷ ልጁን ጫካ ትጥላለች። ሌላዋ እሳት አጠገብ ታስተኛዋለች። ፊቴ ተቀምጦ ሲያነባቸው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምነው አልኩ። አንብቦ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም።

ክፉ ያልሆነች የእንጀራ እናት ያለችበት ተረት አለ? አንድ ይበቃኛል።


ጡረተኛው መምህር · ሐምሌ 5፣ ከጠዋቱ 12፡40

ልጄ፣ አለ። የኛው አገር ተረት ነው። መጽሐፍ እስክትፈልጊ አትጠብቂ፣ እኔ ልንገርሽ።

አንዲት ሴት ሚስቱ የሞተችበትን ሰው አገባች። ሰውዬው አንድ ወንድ ልጅ ነበረው። ልጁን ከልቧ ወደደችው። እሱ ግን ምግቧን አይበላም፣ ልብሱን ብትጥፍለት መልሶ ይቀደዋል፣ ስታቅፈው ይሸሻል። መላ ሲጠፋት አንድ አዋቂ ሽማግሌ ዘንድ ሄደች። «ልጁ እንዲወደኝ መድኃኒት ይስጡኝ» አለች። «እሰጥሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከአንበሳ ጢም ሦስት ጠጉር ይዘሽልኝ ነይ» አሏት።

ምን ታድርግ። ስጋ ይዛ አንበሳው የሚውልበት በረሃ ሄደች። የመጀመሪያ ቀን ከሩቅ አስቀምጣ ሮጠች። በማግስቱ ትንሽ ቀረብ አለች። ሲበላ ከሩቅ አየችው። በሌላው ቀን ትንሽ ቀረብ። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። አንበሳው ጠረኗን ለመደ። አንድ ቀን ከእጇ ሲበላ ቀስ ብላ ሦስት ጠጉር ነጨች። አንበሳው ዞር ብሎ አይቷት መብላቱን ቀጠለ።

እየሮጠች ለሽማግሌው አመጣችላቸው። ሽማግሌው ጠጉሩን ተቀብለው እሳት ውስጥ ጣሉት። «ምነው! መድኃኒቴን!» ብላ ጮኸች። «መድኃኒቱንማ ይዘሽው ነው የመጣሽው፤ ልጁ ከአንበሳ ይብሳል?» አሏት።

ከዚህ በታች ምክሩን ልጽፍ ነበር። ተውኩት።


የካ አባዶ 4ኛ ፎቅ · ሐምሌ 5፣ ከቀኑ 7፡30

ጋሼ ዛሬስ አስለቀሱኝ።

እኔ ደግሞ በስህተት ያገኘሁትን ልናገር። ከአንድ መደብር፣ ስሙን አልጠራም፣ ለመንታዎቼ አንድ የተረት መጽሐፍ ገዛሁ። ቤት ደርሼ ሳየው የመጨረሻው ቅጠል የለም። ሲጠረዝ ቀርቷል። ቀበሮው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ፣ ፍየሉ ከላይ ሆኖ እያየው፣ በቃ አለቀ። ተመልሼ እንዳልለውጥ ከየካ አባዶ ፒያሳ ለአንድ ቅጠል የሚሄድ ማን ነው? ተናድጄ ነበር።

አሁን ያን መጽሐፍ በወርቅ አልለውጠውም። በየማታው «ዛሬ እንዴት ይውጣ?» ይባባላሉ። አንድ ቀን በገመድ። አንድ ቀን ዝናብ መጥቶ ጉድጓዱ ሞልቶ ዋኝቶ። ባለፈው ውሃ በተቋረጠ ሰሞን ደግሞ ቀበሮው እንዳይወጣ ተወሰነ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ስላለ ፍየሉ ጄሪካን እያወረደ እሱ ይቀዳለት ተባለ። ሂሳቡን ተካፈሉ።


የቱሉ ዲምቱዋ እናት · ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 2፡45

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሠራሁትን ልንገራችሁ።

የላይብረሪዋ እንዳለችው ሦስት አጫጭር ታሪኮች አውርጄ ታክሲ መዞሪያው ጋ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩ። ቀለም ስለሚወደድ በጥቁርና ነጭ። ሚጣ ሥዕሉን ራሷ ቀባችው። ዝሆኑ ሮዝ ሆኗል። ከአዟሪው ምክር ተምሬ ደግሞ አንድ የአያ ጅቦ መጽሐፍ እሷን ይዤ ሄጄ አስመረጥኳት። የመረጠችው እኔ ፈጽሞ የማላነሳውን ነው፤ ሽፋኑ ላይ ጅቡ ጃንጥላ ይዟል።

ትናንት ማታ እያነበበች «አያ ጅቦ ዛሬ ይበላል» የሚል ጋ ደረሰች። «በ»ን አጥብቃ አነበበችው። ከዚያ ቆመች። «እማዬ፣ ጅብን ማን ይበላዋል?» አለችኝ። እኔ መጀመሪያ አልገባኝም። ስትደግመው ገባኝና ሳቄ መጣ። እሱ ነው የሚበላው፣ እሱን አይደለም የሚበሉት ብዬ አስረዳኋት። አይሆንም አለች። ጅቡ ሊበላ ነው፣ ፍየሎቹ ተሰብስበው፣ በትልቁ የዶሮ ወጥ ድስት። «በርበሬ ይበዛበታል፣ ይገማላ» አለች። መጽሐፉን ትታ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሄን ስታወራ አመሸች። ሳናስበው መተኛ ሰዓት አለፈ።


ጡረተኛው መምህር · ሐምሌ 10፣ ከጠዋቱ 1፡00

ልጄ፣ ይሄ ለኔ ነው የተጻፈው!

የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ሠላሳ ሦስቱን በሰባት አባዝተሽ 231 ፊደል ለየች ማለት አነበበች ማለት አይደለም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። «ዋና» ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃው ነው። አንባቢው የሚለየው ከወሬው ነው። ሚጣ ቆማ «ጅብን ማን ይበላዋል?» ካለች፣ የምታነበው እየገባት ነው ማለት ነው። እኔ ይሄን በሰሌዳ ላይ ሳስተምር ግማሹ ክፍል ያንቀላፋ ነበር። ጅብ ድስት ውስጥ መክተት አልታየኝም።

እስኪ «ዋናው ዋና ገና ነው አለ» በይና አስነብቢያት። በስንት ዓይነት እንደምትለው ጻፊልኝ።


ስም የለኝም · ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 4፡10

ጋሼ፣ ነገርኩት። መጽሐፍ ሳይሆን እንዲሁ በአፌ፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተን። ሲያልቅ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ቆይቶ «ስጋው የበሬ ነው የበግ?» አለኝ። የበግ ይመስለኛል አልኩት። ተኛ።

ዛሬ ምሳ ላይ ሽሮ አቀረብኩ። እንደ ልማዱ ዳቦ ሊገዛ ይወርዳል ብዬ ነበር። ቁጭ ብሎ ሰሃኑን አየና «ለአንበሳ ሽሮ ይሰጣል እንዴ?» አለኝ።

በላ። ሁለቴ ጨመርኩለት።


የላይብረሪዋ · ሐምሌ 11፣ ከምሽቱ 4፡30

ኧረ ጉድ። ነገ ስጋ ቤት ሂጂ።


የሰሚቱ አባት · ሐምሌ 12፣ ከጠዋቱ 2፡20

እሺ፣ የጃንጥላው ጅብ የት ነው የሚገኘው?


የቱሉ ዲምቱዋ እናት · ነሐሴ 15፣ ከምሽቱ 1፡30

ጠፋሁ። ቡሄ ሲሆን መቼም የኛ ብሎክ ቤት አይደለም። ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ፣ ጅራፉንም ይዘው።

የዛን ቀን ማታ መብራት ጠፋ። ልጆቹ ደረጃው ላይ ተኮለኮሉ። ሚጣ የኔን ስልክ አብርታ ስታነብላቸው ሰማሁ። ስድስት ይሆናሉ። ጅቡ ይበላል፣ አይበላም ክርክሩ እንደገና ተነሳ። ከዚያ እንቆቅልህ ጀመሩ። አንዱ ትንሽ ልጅ መልሱ ጠፍቶት «ሀገር ስጠኝ» ሲባል ዱባይን ሰጠ። ሌላው ኮዬን ሰጠ። ሚጣ ተራዋ ሲደርስ «ቱሉ ዲምቱን አልሰጥም፣ ሌላ ጠይቁኝ» ብላ ከለከለች። ሌላ አገር አታውቅም እኮ!

ጋሼ፣ ያሉኝን ዓረፍተ ነገር አስነበብኳት። በአራት ዓይነት አለችው። አራተኛው ምን ማለት እንደሆነ እኔም አልገባኝም።

ባለ ሚኒባሱ፣ የውሻውን ተረት አንተ ነህ ያመጣህብን። ብሎካችን ሥር አንድ ባለቤት የሌለው ቡናማ ውሻ አለ። ባጃጅ ሲመጣ ይጮሃል። ልጆቹ «መልሴ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ሚጣ ከሱቅ የተረፈ ሳንቲም ሁሉ እሱ ፊት ታስቀምጣለች። ያሸትና ይሄዳል። «ይሄ አይበቃውም ማለት ነው» ትለኛለች።


ባለ ሚኒባሱ · ነሐሴ 15፣ ከምሽቱ 2፡00

ስንት ዓመት የተጠራቀመ ነው፣ ወለዱስ!


መጽሐፍ አዟሪ · ነሐሴ 15፣ ከምሽቱ 2፡15

እኔ አንድ ነገር አስቤያለሁ። እንቁጣጣሽ ሳይደርስ አንድ ቅዳሜ የልጆቹን ብቻ መርጬ ወደናንተ ሰፈር ልምጣ። ወላጆች ከላይ ሆናችሁ እዩ፣ ልጆቹ ራሳቸው ይገላልጡ። ካልወደዱት አይግዙ። የት ነው የምወርደው?


የቱሉ ዲምቱዋ እናት · ነሐሴ 15፣ ከምሽቱ 2፡20

በደስታ! ታክሲ መዞሪያው ጋ ውረድ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ። ሚጣን እልክልሃለሁ። ብቻ ዝርዝር ይዘህ ና። መልሴ እዚያ ነው የሚውለው።